ሳውናው ሞቋል

«ከዚህ በር ማንም ሰው ተከልክሎ ተመልሶ አያውቅም» አለች ሻሮን ላክሶ በሳውናው፣ በእንጨቱ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ደጃፍ ለተሰበሰቡት ልጆች። «ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መንደርተኛው በሙሉ ፎጣውን በብብቱ ይዞ እዚህ ይሰበሰብ ነበር። ሀብታም የለ፣ ድሃ የለ፤ ሁሉም እኩል ራቁቱን ነው፣ ሁሉንም እኩል ያልበዋል።» ልጆቹ ራቁት የምትለዋን ቃል ሲሰሙ በክርን እየተጎሻሸሙ ተሳሳቁ። ከኋላቸው ወተትና ዳቦ የያዘ ትሪ ተሸክማ የቆመችው ቪየኖ ሌህቶ ግን አልሳቀችም። ኩባያዎቹ እርስ በርስ ሲንኳኩ ሰማችና ትሪውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ሻሮን ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገባች፤ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄደውን ረጅም የእንጨት መደብ እያሳየች «እስቲ ገምቱ፣ ስንት ሰው ይይዛል?» አለቻቸው። አንዱ አስር አለ፣ ሌላዋ ሃያ አለች። «አያችሁ!» አለች ሻሮን ደስ ብሏት። «ይህን የሚያህል መደብ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ አይሠራም።»

እውነቷን ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ አልተሠራም። ቪየኖ ይህን ታውቃለች፣ ምክንያቱም የሠራው አባቷ ነው። ሻሮን ግን አታውቅም። ሻሮን የምታውቃት በባሏ ስም ሌህቶ ተብላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩባያ የምታጥብ፣ ስትጠየቅ ብቻ የምትናገር አሮጊት አድርጋ ነው። የአባቷ ስም ራውቲዮ መሆኑን የሚያስታውሱ ሰዎች አብዛኞቹ ሞተዋል፤ የቀሩትም አያነሱትም። እኛ ፊንላንዶች ብዙ ነገር አንችልበትም፣ ዝም ማለት ግን እንችልበታለን።

የፊንላንዳውያን ስደተኞችና ሠራተኞች ቅርስ ማኅበር ሳውናውን ያገኘው ከካናዳዋ የተንደር ቤይ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ነው። እርሻው ከኛ ሰዎች እጅ ከወጣ ቆይቷል፤ አሁን የያዘው ዩክሬናዊ ገበሬ ሳውናውን የዕቃ ማስቀመጫ አድርጎት ነበር። ማኅበሩ የሚኖረው በልገሳና በፓንኬክ ሽያጭ ስለሆነ ሠራተኛ መቅጠር አልቻለም፤ ግንዱን አንድ በአንድ ፈትተው፣ በጭነት መኪና አምጥተው፣ በአሮጌው የሠራተኞች አዳራሽ ጓሮ መልሰው ያቆሙት አባላቱ ራሳቸው በደቦ ነው። ሥራው በጋውን ሙሉ ፈጀ። ቪየኖ ለሠራተኞቹ ሾርባ እያቀረበች የአባቷ ግድግዳ ከፍ እያለ ሲሄድ ታይ ነበር፤ ለማንም ምንም ሳትናገር። የልጆቹ የቅዳሜ ትምህርት ቤት በሳውናው ጉብኝት እንዲጀምር ሻሮን ወሰነች። በሩ አጠገብም «ማንም ተከልክሎ ያልተመለሰበት በር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ተሰቀለ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳት ሊነድበት ነው።

ልጆቹ ወተታቸውን ጠጥተው ወደ መዝሙር ክፍል ሲወጡ፣ ቪየኖ ትሪውን ይዛ ምድር ቤት ወዳለው ወጥ ቤት ወረደች። ወጥ ቤቱ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በአሮጌ ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ ሁልጊዜ የቅቤና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ያለው ክፍል ነው። ሂልያ ማትሰን እጅጌዋን ሰብስባ ጉንጉን ዳቦ ታሻለች። ሂልያ ከቪየኖ ጥቂት ዓመት ብትበልጥም ጉልበቷ አልደከመም፣ አፏም እንደዚያው።

«ሄል እንዴት ተወደደ መሰለሽ!» አለች ዘወር ሳትል። «ይቺን የምታህል ብልቃጥ ሰባት ዶላር አለኝ። ወርቅ ነው እንዴ የምትሸጡት አልኩት። ልጁ ሳቀብኝ። ፓንኬኩንም ስድስት ዶላር ካላደረግነው እኮ በኪሳራ ነው የምንዘጋው፤ ለኮሚቴው ብነግር የሚሰማኝ የለም።»

ቪየኖ ውሃ ከፍታ ኩባያዎቹን ማጠብ ጀመረች። አንዱን፣ ሁለተኛውን አጠበች። ሦስተኛውን ሳትጨርስ «ሻሮን ስለ ሳውናው የምትናገረውን ማነው የነገራት?» ብላ ጠየቀች።

የሂልያ እጅ ሊጡ ላይ ቆመ። «ያንቺው ወንድም ነዋ! ባለፈው ጸደይ ቢሮዋ ድረስ ጠርታው ከሰዓቱን ሙሉ ሲያወራላት ዋለ። ታውኖ ከሰዓቱን ሙሉ አወራ ቢሉኝ እኔም አላምንም ነበር፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ምን ብሎ?»

«እኔ ምን አውቄ። ደስ ደስ የሚለውን ነግሯታል። ምን አለበት ታዲያ? ልጆች ናቸው የሚሰሙት።»

«እናንተ ወደኛ ሳውና መጥታችሁ ታውቃላችሁ ሂልያ?»

የማትሰኖች እርሻ ከራውቲዮዎች እርሻ የሚለየው በአንድ አጥር ነበር። ሂልያ ሊጡን ገለበጠችው፣ ዱቄት ነሰነሰችበት፣ እንደገና ገለበጠችው። «አባቴ አይፈቅድልንም ነበር» አለች በመጨረሻ። «እኔ ልጅ ነበርኩ እኮ ቪየኖ።»

«እኔም ልጅ ነበርኩ» አለች ቪየኖ። ኩባያዎቹን ደፍታ፣ እጇን አደራረቀች፤ ሂልያ ከትናንቱ ዳቦ ጠቅልላ ያስቀመጠችላትን ሁለት ጉንጉን አንስታ ወጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጉንጉን ዳቦ ትወስዳለች፤ አንዱ የሷ ነው፣ አንዱ የታውኖ።

አውቶቡሱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ቪየኖ ከሹፌሩ ኋላ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ከቤቶቹ መሀል ብልጭ እያለ የሚያልፈውን ሐይቅና ባዶ የእህል ጎተራዎቹን ታይ ነበር። ባሏ ዕድሜውን ሲሠራ የጨረሰው ከነዚያ ጎተራዎች በአንዱ ነው። ልጇ ካልጋሪ ነው የሚኖረው፤ እሁድ እሁድ ይደውልና ስለ አየር ሁኔታ ያወራሉ። ከዚያ ውጭ የሰው ድምፅ የምትሰማው አዳራሹ ውስጥ ብቻ ነው፤ የሂልያን ጉርምርምታ፣ የልጆቹን ጫጫታ፣ የሻሮንን «ወይዘሮ ቪየኖ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር!» የሚል ሞቅ ያለ ውሸት። አፏን ከከፈተች ይሄን ሁሉ ልታጣ ትችላለች። ይህን አስባ ዳቦውን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የእንጨት ቆራጮቹ አድማ በመቱበት ክረምት አባቷ ኤሜሊ ራውቲዮ ፈረስና በበረዶ ላይ የሚጎተት ስሌድ ነበረው። ትንሹ ወንድሟ ሳንባውን ታሞ ሌሊቱን ሙሉ ያስል ነበር። አድማ የተመታበት ኩባንያ ለእንጨት ቆራጮቹ ካምፕ ፈረሶች ድርቆሽ የሚያደርስለት ሰው ሲፈልግ ኤሜሊ አንድ ሳምንት አደረሰ። ከዚያ በላይ አላደረገም፤ አንድ ሳምንት ግን በቂ ነበር። ሕፃኑ በዚያው ወር ሞተ። አዳራሹም፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ኤሜሊ ራውቲዮ አድማ ሰባሪ ነው ብሎ ወሰነ፤ ማንም እንዳያናግራቸው፣ ማንም ቤታቸው እንዳይሄድ ተባለ። ንግግሩ ቢቀር ግድ የለም፣ ድሮም አልበዛም ነበር። የጎዳቸው የሳውናው መቅረት ነው። በኛ መንደር ቅዳሜ ሲሆን ሳውና ያሞቀ ሰው ወደ ጎረቤቱ ልጅ ይልካል፤ ልጁም «ሳውናው ሞቋል» ይላል፤ ሌላ ነገር አይጨመርበትም። መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ ወንዶቹ ይገባሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ሲወጡም እንግዶቹ «ስለ ሳውናው አመሰግናለሁ» ብለው ይሄዳሉ። ይህን የሚለው እንግዳ ብቻ ነው። የቤቱ ሰው አይልም፤ ገዛ ቤቱን የሚያመሰግን የለም።

አባቷ ያን ሰፊ መደብ የጠረበው ከአድማው በፊት በነበረው በጋ ነው፤ እናቷ ፊና ሰው ስለምትወድ። ከዚያ ክረምት ወዲህ እስክትሞት ድረስ ፊና አንድም ቅዳሜ ሳታሞቀው አልቀረችም። ወለሉን ትፈገፍጋለች፣ ኩባያዎቹን በጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። የሚመጣ የለም። መንገዱ በሚገነጠልበት ቦታ ከጥድ ዛፎቹ ሥር አዳራሹ ያቆመው አንድ ወጣት ይታያታል፤ ማን ወደ ራውቲዮ ቤት እንደሚሄድ የሚጠብቅ። ያ ወጣት የገዛ ልጇ ታውኖ ነበር። ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ፣ አባቱን ክዶ ከወንደላጤ እንጨት ቆራጮች ጋር የገባ፣ ታማኝነቱን እንዲያሳይ ደግሞ በአባቱ መንገድ ላይ እንዲቆም የተመረጠ። አንድ ቅዳሜ ፊና ለቪየኖ ንጹሕ ፎጣ ሰጠቻትና «ሂጂ፣ ለወንድምሽ ሳውናው ሞቋል በይው» አለቻት። ቪየኖ በረዶው እስከ ጉልበቷ እየዋጣት ሄዳ አለችው። ታውኖ ከጭንቅላቷ በላይ ዛፎቹን ያይ ነበር።  ፎጣውን አጥሩ ላይ ሰቅላለት ተመለሰች። ጠዋት እናቷ ስትልካት ፎጣው እዚያው ነበር፤ እንደ ጣውላ ደርቆ፣ ስታነሳው የሚንቋቋ።

ከአውቶቡሱ ወረደች። እሷና ታውኖ የሚኖሩበት የአረጋውያን አፓርትመንት ደረጃው በሙሉ የሳሙናና የተቀቀለ ድንች ይሸታል። ታውኖ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ እሷ አራተኛ። አንድ ሕንፃ ውስጥ እንዲኖሩ ያደረገው ተራ የመጠበቂያ ዝርዝሩ እንጂ እነሱ አልፈለጉትም። ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦውን በከረጢት አድርጋ የበሩ እጀታ ላይ ታንጠለጥልለታለች፤ ሰኞ ጠዋት ከረጢቱ አራት ቦታ ታጥፎ በራሷ በር እጀታ ሥር ተቀምጦ ታገኘዋለች። ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ሁለቱም በአፋቸው አንስተውት አያውቁም። ዛሬ ግን ከረጢቱን አላንጠለጠለችም። በሩን አንኳኳች።

ታውኖ በሩን ከፈተ፤ በሙሉ ግን አልከፈተውም። ከኋላው አንድ ክፍል ይታያል፤ በደንብ የተነጠፈ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ፣ ግድግዳው ላይ የሠራተኛ ማኅበሩ ቀይ ባንዲራ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ ሥር በመርፌ የተሰኩ የአርባ ዓመት የአባልነት የደረት ምልክቶች። ሬዲዮው ስለ ሆኪ ያወራል። የሱፍ ሹራቡን ክርኑ ላይ ራሱ ጠግኖታል፤ ስፌቱ የወንድ ስፌት ነው።

«ዳቦው ነው?» አለ።

«ዳቦውም አለ» አለችው ቪየኖ። «ማን መጣ?»

«ምን?»

«ለሻሮን መንደሩ ሁሉ ወደኛ ሳውና ይመጣ ነበር ብለሃታል። እስቲ የአንድ ሰው ስም ጥራልኝ። የአንድ ሰው ብቻ።»

ታውኖ ምን እንዳለችው ገባው። ዓይኑን ከሷ አንስቶ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ አየ፤ ያኔ ዛፎቹን እንዳየው። «ይህን የሚያህል መደብ ለምን ተሠራ ብላ ጠየቀችኝ» አለ። «ምን ልበላት?»

«ለሰው ተሠራ፣ ሰው ግን አልመጣም በላታ።»

«ለምን አልመጣም ትለኛለቻ።»

«ይሄንንም ንገራታ!»

«አባትሽን አድማ ሰባሪ ነው ብዬ ለልጅ ላሳጣው?» አለ። አባታችንን አላለም። ይህም አላመለጣትም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለራሱ የሚያወራ እስኪመስል፣ «መደቡን ሞላሁት። ስነግራት ሞላሁት፤ ማትሰኖቹን አስገባሁ፣ ኒየሚዎቹን አስገባሁ፣ ሁሉንም። አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ይሁን ብዬ ነው» አለ።

ቪየኖ ለመናደድ ነበር የመጣችው። አሁን ግን አንጀቷን በላው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። «እናታችን ብቻዋን ነበረች ታውኖ» አለችው። «ቅዳሜ ሁሉ ኩባያ ደርድራ ብቻዋን። ከሷ የቀረን ይሄ ነው። አሁን ብቻዋን መሆኗንም ወሰድክባት።» ቀጥላም «አንተስ የት እንደነበርክ ነገርካት? መንገዱ ላይ ማን እንደቆመ?» አለችው።

ሬዲዮው ውስጥ ሕዝብ ጮኸ፤ አንዱ ጎል አግብቷል። ታውኖ እጁን ዘርግቶ ከረጢቱን ተቀበላት፤ በሩን ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ዘጋው።

አራተኛ ፎቅ ወጥታ ድንች ቀቀለች፤ አልበላችውም። ፎጣ አወጣች። ሌላም ጨመረች። ሁለት ለምን እንዳስፈለጋት ራሷን አልጠየቀችም። ፎጣዎቹን በላስቲክ ጠቅልላ ወደ አውቶቡሱ ወረደች።

አስር ሰዓት ሲሆን ጓሮው ሞልቷል። የኮሚቴው ሰዎች፣ ፓንኬክ በልተው የቀሩ ሽማግሌዎች፣ ከሴት ልጆቻቸው ጋር የመጡ እናቶች፣ ፎጣ የያዙ፣ ሳውና ውስጥ ገላ የሚመታበትን የበርች ቅጠል እስር የያዙ። ከጭስ ማውጫው ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሂልያ ጉንጉን ዳቦዋን በትልቅ ሰሃን አቅርባ፣ ቴርሞሶቹን በሳውናው ትንሽ መለበሻ ክፍል ውስጥ ደርድራ፣ ሁሉንም ትቆጣለች። ታውኖ የለም። ሻሮን በርጩማ ላይ ወጥታ ለጋሾቹን አመሰገነች፣ በደቦው የተሳተፉትን በስም ጠራች፤ ከዚያ «ይህን ሳውና በልጅነታቸው የሚያውቁት ካሉ አንድ ነገር እንዲነግሩን እለምናለሁ» አለች። ይህን ያለችው ለወጉ ነው፤ ማንም እንደማይናገር ሁላችንም እናውቃለን።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ቪየኖ።

ሁሉም ዞር አለ። በርጩማው ላይ አልወጣችም። ባለችበት ቆማ፣ የፎጣዎቹን ላስቲክ በሁለት እጇ ይዛ ተናገረች። «ይሄ የአባቴ ሳውና ነው። ስሙ ኤሜሊ ራውቲዮ ይባላል። በአድማው ክረምት አንድ ሳምንት ድርቆሽ ስላመላለሰ አድማ ሰባሪ ተባለ፤ አመላልሷል፣ ውሸት አይደለም። ከዚያ በኋላ ወደዚህ ሳውና የመጣ ሰው የለም። አንድም ሰው። እናቴ ግን ሳታሞቀው የቀረችበት ቅዳሜ አልነበረም። መደቡን ብታዩት ጥቁር የሆነው በምድጃው በኩል ያለው ጫፍ ብቻ ነው፤ ሦስት ሰው የተቀመጠበት ያህል። ሌላው እንደተጠረበ ነው ያለው።» ተጨማሪ ነገር ፈለገች፤ አልመጣላትም። «ይኸው ነው» አለች።

 ከዚያ የሆነውን ለማመን ያስቸግራል፤ ደግሞ ክፋት አልነበረበትም፣ ይህን መመስከር አለብኝ። ሰዎቹ አፍረው ብቻ ነው። አንዱ ሽማግሌ የደም ግፊቱን አስታወሰ፤ ሐኪሙ ሙቀት ከልክሎታል። ሌላዋ አውቶቡስ ሊያመልጣት ሆነ። እናቶቹ የልጆቻቸውን ኮፍያ ማሰር ጀመሩ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ቪየኖን በትከሻዋ መታ መታ አድርጎ «ጥሩ ተናገርሽ» አለና ወደ መኪናው ሄደ። ሂልያ አጠገቧ መጥታ ቆመች፤ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። «ፎጣዬን ቤት ረስቼዋለሁ» አለች። ፎጣው ክንዷ ላይ ነበር። እሷም አየችው፣ ቪየኖም አየችው። ሂልያ ፊቷን በፎጣው ሸፍና ወደ ወጥ ቤት ወረደች።

የቀረችው ሻሮን ነበረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም ወይዘሮ ቪየኖ? በጋውን ሙሉ እኮ አብረን ነበርን።»

«ሌላ የምሄድበት ቦታ የለኝም ልጄ» አለች ቪየኖ።

ሻሮን ሰሌዳውን ከሚስማሩ አውርዳ በብብቷ ያዘችው። «ምን ብዬ ልጻፍበት?»

«የሆነውን።»

«አብሬዎት ልግባ?» አለች ሻሮን፤ ግን ከላይ ከአዳራሹ አንድ እናት ስሟን እየጠራች ነበር፤ ወላጆቹ መዋጮ የሚከፍሉት ለማን እንደሆነ ግራ ገብቷቸዋል። «ሂጂ» አለቻት ቪየኖ። «እሳቱን እኔ እጠብቃለሁ።»

ብቻዋን ገባች። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ትንሿ መስኮት ብቻ ግራጫ ብርሃን ታስገባለች። ልብሷን አውልቃ፣ ወደ ከፍተኛው መደብ በጥንቃቄ ወጥታ፣ በጥቁሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰውነቷ ቦታውን አወቀው። ውሃ ቀድታ ምድጃው ላይ በጋሉት ድንጋዮች ላይ ደፋች፤ እንፋሎቱ ተነስቶ ትከሻዋን ሲይዛት አለቀሰች። ደስታም ኀዘንም አልነበረም፤ እናቷ ናፍቃት ነበር፣ ይኸው ነው። ባዶው መደብ ከጎኗ እስከ ግድግዳው ድረስ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ተጸጸተች እንዴ? ተጸጽታለች። ደግሞ ቢደገም ያንኑ ትናገራለች።

ወጥታ ለበሰች። እሳቱ እንዲጠፋ አልተወችውም፤ የወንዶቹ ተራ ገና ነው። ሁለት ግንድ ጨመረችበት፣ ባልዲውን ሞላችው። መለበሻ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ኩባያዎቹን ደረደረቻቸው፣ በኋላም ወደ ውጭ ወጥታ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እናቷ የምታደርገውን እያደረገች መሆኗ የገባት ከተቀመጠች በኋላ ነው። ጓሮው ባዶ ነው። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ቅጠል ያቃጥላል።

ታውኖ በአጥሩ በር በኩል መጣ። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ ባዶ እጁን። ከአግዳሚው ራቅ ብሎ ቆመ። ሳውናውን ከጣሪያው እስከ መሠረቱ አየው፤ ሰሌዳው የነበረበትን ሚስማር አየ። በደቦው በጋውን ሙሉ አንድም ቀን ወደ ጓሮው አልመጣም ነበር። ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ለቪየኖ የታያት ያ ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ ነው።

«ሳውናው ሞቋል» አለችው።

ዛሬ ዛፍ የለም። የሚያየው ሌላ ነገር አጣና እሷን አያት። ሁለተኛውን ፎጣ ዘረጋችለት። ተቀበላት። ጎንበስ ብሎ በዝቅተኛው በር ገባ።

ቪየኖ ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። ጫማው ሲወልቅ፣ መደቡ ሲንቋቋ ሰማች፤ ድምፁ የመጣው ከጥቁሩ ጫፍ አይደለም፣ ከወዲያኛው ነው፣ ማንም ካልተቀመጠበት።  ከዚያ ውሃው ድንጋዮቹ ላይ ቸስ አለ። አንዴ። ቆይቶ ደግሞ። ግድግዳው በጀርባዋ በኩል ሲሞቅ ተሰማት። ቡናውን ቀዳች።

ሲወጣ ፊቱ እንደ ሕፃን ቀልቶ፣ ጥቂቱ ፀጉሩ ከግንባሩ ተጣብቆ ነበር። ኩባያውን ቆሞ ጠጣ። ምን ሊላት ነው? ይቅርታ ቢላት ምን እንደምትመልስለት አታውቅም ነበር። ታውኖ ኩባያውን አስቀመጠ፤ ፎጣውን በጥንቃቄ አራት ቦታ አጥፎ አግዳሚው ላይ፣ ከጎኗ አኖረው። ኮፍያውን አደረገ።

«ስለ ሳውናው አመሰግናለሁ» አለ።

ቪየኖን ከፋት። የቤቱ ሰው እንዲህ አይልም። ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶ፣ ወደ አባቱ ሳውና በእንግዳ ቃል ገባ፣ በእንግዳ ቃል ወጣ። ደግሞም እናቷ ፀጉሯን አበጥራ ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ይኸው ነበር፤ ለዚህ ቃል ያዘጋጀችውንም መልስ ቪየኖ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ፊና መስኮቱ ጋ ተቀምጣ በሹክሹክታ ስትለማመደው ሰምታለች። ስለዚህ በእናቷ ፈንታ መለሰችለት።

«ጤና ያድርግልህ» አለችው። «ለሚመጣው ቅዳሜም ብቅ በል።»

ታውኖ አንገቱን ነቀነቀ። የሚሄዱት ወደ አንድ ሕንፃ፣ በአንድ አውቶቡስ ነው፤ እሱ ግን አልጠበቃትም። እርምጃው ደረቁን ቅጠል እያንኮሻኮሸ ከአጥሩ ሲያልፍ፣ ከመንገዱ ማዶ ሲጠፋ አዳመጠችው። እናቷ እንግዳዋን አገኘች። ቪየኖ ግን ወንድሟን አላገኘችም፤ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ኩባያውን ልታጥብ ተነሳች፤ የታጠፈውን ፎጣ አነሳችው፤ ገና ይሞቅ ነበር።